ከፋብሪካው በነጻ የወጣው አቧራ፤ የአስቤስቶስ ታሪክ ከናሃሪያ እስከ ደጃፋችን



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ድንጋይ እናወጋችኋለን። ድንጋይ ይባል እንጂ እንደ ጥጥ የሚባዘት፣ እንደ ክር የሚፈተል፣ እሳት የማይበላው፣ ውኃ የማያበሰብሰው ነው። የአውሮፓ ሰዎች ከግሪክ ቋንቋ ወስደው አስቤስቶስ ብለው ጠሩት፤ ትርጉሙም «የማይጠፋ» ማለት ነው። እዚህ አገር ደግሞ አዝቤስት ይሉታል። በአገር ቤት ሳለን ቤታችን በሣር ወይም በቆርቆሮ ይከደን ስለነበር ብዙዎቻችን ይህን ስም ሰምተነው አናውቅም። እዚህ ናታንያ ግን፣ እንደ ማንኛውም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንደተስፋፋ የእስራኤል ከተማ፣ በቆዩ ሠፈሮችና በኢንዱስትሪ አካባቢዎች ስትዘዋወሩ፣ በመጋዘኖችና በጋራዦች ላይ ግራጫ ቀለም ያለው፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ የሆነ ወፍራም ክዳን ታያላችሁ። ብዙውን ጊዜ ይህ ክዳን ሲሚንቶና አስቤስቶስ ተደባልቀው የተሠራ ነው።

ስለዚህ ድንጋይ ዛሬ የምንነግራችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በግንባታ፣ በጽዳት፣ በፋብሪካና በመጋዘን ሥራ ተሰማርታችኋል ወይም በቅርቡ ትሰማራላችሁ፤ የቆየ ቤት ገዝታችሁ የምታድሱም አትጠፉም። ሁለተኛው፣ የአስቤስቶስ ታሪክ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ቤት የሌለው ሰው በጥድፊያ ቤት ሲሠራለት የተጀመረ ታሪክ ስለሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ቤት የጠፋበት ዘመን

የእስራኤል መንግሥት በግንቦት 1948 ሲመሠረት በአገሪቱ የነበረው የአይሁድ ሕዝብ ቁጥር 650,000 ያህል ነበር። ከዚያ እስከ 1951 መጨረሻ ድረስ ባሉት ሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ብቻ ወደ 690,000 የሚጠጉ ስደተኞች ገቡ። እንግዲህ አስቡት፤ አስተናጋጁ ከእንግዳው ቁጥር አነሰ። ከአውሮፓ ከእልቂት የተረፉ፣ ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሞሮኮ፣ ከሮማኒያ የመጡ ሰዎች በድንኳን፣ በቆርቆሮ ጎጆና በሳንቃ ቤት ሰፈሩ። መዓባራ ይባሉ በነበሩት በእነዚህ ጊዜያዊ ሠፈሮች ከ200,000 በላይ ሰው የኖረበት ጊዜ ነበር። ክረምት ሲመጣ ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር። በካራቫን ወይም በመርካዝ ቅሊታ ውስጥ ዓመታት የቆጠራችሁ ወገኖቻችን ይህን ኑሮ ለመገመት ብዙ አትቸገሩም።

መንግሥት ርካሽና ቶሎ የሚሠራ የቤት ዕቃ ፈለገ። እንጨት ከውጭ ይመጣል፤ ውድ ነው። ብረት እጥረት አለበት፤ ቆርቆሮም በባሕር ዳር አየር ይዝጋል። ከሃይፋና ከዓኮ በላይ በሰሜን፣ በባሕሩ ዳር በምትገኘው በናሃሪያ ከተማ በ1952 አንድ ፋብሪካ ተከፈተ። ይህም ኢታኒት በሚለው ስሙ የታወቀው የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ስሙ በዕብራይስጥ «ኤይታን»፣ ማለትም ጠንካራና ጽኑ፣ ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል። አሠራሩ አዲስ አልነበረም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ሉድቪግ ሃትሼክ የተባለ ኦስትሪያዊ የፈለሰፈው ነው። ሲሚንቶና ውኃ ላይ 10 ከመቶ ያህል የአስቤስቶስ ክር ይጨመራል፤ ክሩ ልክ በጭቃ ቤት ውስጥ ጭድ እንደሚያደርገው ሲሚንቶውን ያያይዘዋል። ጭድ የሌለበት ጭቃ እንደሚሰነጠቅ የምታውቁ ሰዎች ናችሁና ይህ ለእናንተ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ከዚህ ሊጥ የጣሪያ ክዳንና የውኃ ቧንቧ ይወጣል።

ክዳኑ ቀላል፣ ርካሽና እሳት የማይፈራ ስለነበር በመላ አገሪቱ ተሠራጨ። በቤርሼባ፣ በኢየሩሳሌም ዳርቻና በሌሎችም ቦታዎች ለስደተኞች ከአስቤስቶስ ሰሌዳ የተሠሩ ጊዜያዊ ቤቶች ተተከሉ፤ ሰዎችም «አዝቤስቶኒም» ብለው ጠሯቸው። ጊዜያዊ የተባለው ነገር ዕድሜው ረጅም እንደሆነ ደግሞ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የእንስሳት በረት፣ የዶሮ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ወርክሾፕ፣ መጋዘን ሁሉ በዚህ ተከደነ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ግምት እንደሚያመለክተው በእስራኤል ውስጥ የተተከለው የአስቤስቶስ ሲሚንቶ 85 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል።

ስጦታው

ማንኛውም ፋብሪካ ጥራጊ አለው። የናሃሪያውም ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ጥራጊ ነበረው። አንዱ የተሰበረና የተበላሸ ሰሌዳና ቧንቧ ነው። ሁለተኛው ግን ቧንቧው በማሽን ሲላግና ሲስተካከል የሚረግፈው ለስላሳ አቧራና ክር ነው። ይህ ለስላሳው ጥራጊ ውኃ ሲነካውና ሲረገጥ ይጠነክራል፤ መሬቱን ደልዳላ ያደርገዋል፤ ጭቃን ያስወግዳል።

በዚህ ምክንያት ጥራጊው ለፈለገ ሰው ሁሉ በነጻ ይሰጥ ጀመር። በምዕራብ ገሊላ የሚኖሩ ገበሬዎች፣ የመንደር ነዋሪዎችና የከተማ ሰዎች እየጫኑ ወሰዱት። የእርሻ መንገድ ተደለደለበት፤ የቤት ደጅ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የእግር መንገድ ተሠራበት። ልጆች ተጫወቱበት። ለሰጪው የጥራጊ መጣያ ወጪ ቀረለት፤ ለተቀባዩ ደግሞ ጭቃው ቀረለት። በጊዜው ሁለቱም ወገን የተጠቀመ ይመስል ነበር። ፋብሪካው እስከ 1997 ሠርቶ ተዘጋ። ፋብሪካው ቢዘጋም የሰጠው ጥራጊ ግን በየጓሮው ከመሬት በታችና ከመሬት በላይ ቀረ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ በምዕራብ ገሊላ ሜሶቴልዮማ የሚባለው በሽታ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል በበለጠ እየታየ መጣ። ይህ በሳንባ ሽፋን ላይ የሚወጣ ነቀርሳ ነው፤ ዋነኛ መነሻውም አስቤስቶስ ነው። ከታመሙት መካከል በፋብሪካው ውስጥ አንድም ቀን ያልሠሩ ሰዎች ነበሩ።

በሽታው እንዴት ይይዛል?

በጎንደር በወለቃም ሆነ በሌሎች መንደሮች አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠዋል፤ እናቶቻችን ሸክላ ሠርተዋል። ከጢስና ከአቧራ ጋር የኖረ ሕዝብ ነን። ከወናፉ አጠገብ የዋለ ሰው ምሽት ላይ ያስላል፣ ጥቁር አክታ ይተፋል፣ ፊቱን ይታጠብና ይተኛል። ስለዚህ ብዙ ሰው «አቧራ ምን ያደርገኛል? ስንቱን አቧራ አይቻለሁ» ይላል። የአስቤስቶስ አቧራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ክሩ በዓይን የማይታይ ቀጭን መርፌ ነው። በአየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ ሽታ የለውም፤ አያሳክክም፤ ወዲያውኑ አያስልም። ከሳንባ ጥልቅ ቦታ ከገባ በኋላ አይሟሟም፤ ሰውነታችንም ሊያስወጣው አይችልም። በዚያ ሆኖ ሥጋውን እያቆሰለ ይኖራል። ሳንባን የሚያደርቀው አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ነቀርሳና ከላይ የጠቀስነው ሜሶቴልዮማ የሚታዩት ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ቆይተው ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሆነ ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ እጅግ ይበዛል።

ይህን ዓለም የተረዳው ቀስ በቀስ ነው። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በአስቤስቶስ ፋብሪካ ስትሠራ የነበረች ኔሊ ከርሾ የምትባል ሴት በ1924 ሞተች፤ የመረመራት ሐኪምም ሳንባዋ ውስጥ የድንጋዩን ስብርባሪ አገኘ። በ1930 የእንግሊዝ መንግሥት መርማሪዎች ስለ ሠራተኞቹ ዘገባ አቀረቡ፤ በ1931 የመጀመሪያው ደንብ ወጣ። በ1960 በደቡብ አፍሪካ ዶክተር ዋግነርና ባልደረቦቹ 33 የሜሶቴልዮማ ሕመምተኞችን ታሪክ አሳተሙ፤ ከእነርሱ መካከል በማዕድን ማውጫው ያልሠሩ፣ በአካባቢው በመኖራቸው ብቻ የታመሙ ሰዎች ነበሩ። በ1964 ደግሞ በኒው ዮርክ ዶክተር ኢርቪንግ ሴሊኮፍ በሕንፃ ሠራተኞች ላይ ያደረገውን ጥናት ይፋ አደረገ። እንግዲህ የናሃሪያው ፋብሪካ ሲከፈት ስለ ፋብሪካ ሠራተኛው አደጋ ይታወቅ ነበር፤ ፋብሪካው በተከፈተ በስምንተኛው ዓመት ደግሞ ስለ ጎረቤቱም ታወቀ። ጥራጊውን በጓሮው ያፈሰሰው ሰው ግን የሕክምና መጽሔት የሚያነብ ሰው አልነበረም።

በስንዴው ውስጥ ያለ እንክርዳድ

እስካሁን የተናገርነው ሆን ተብሎ ስለተጨመረ አስቤስቶስ ነው። ነገር ግን ማንም ሳይጨምረው፣ በሌላ ማዕድን ውስጥ ተደባልቆ የሚመጣም አለ። ስንዴ ዘርተህ እንክርዳድ አብሮ እንደሚበቅል ማለት ነው። የዚህ ዋነኛ ምሳሌ በአሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት፣ በካናዳ ወሰን አቅራቢያ የምትገኘው ሊቢ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት።

በሊቢ ቬርሚኩላይት የሚባል ማዕድን ይወጣ ነበር። ይህ ማዕድን በኃይለኛ እሳት ሲቆላ እንደ ፈንዲሻ ይነፋል፤ ሲነፋም እንደ ትል ስለሚጠቀለል ስሙ ትንሽ ትል ከሚል የላቲን ቃል ወጣለት። ቀላልና ሙቀት የሚከለክል ስለሆነ በጣሪያ ሥር ይሞላል፤ ለአትክልት አፈርም ይቀላቀላል። ቬርሚኩላይት ራሱ አስቤስቶስ አይደለም። ነገር ግን በሊቢ ተራራ ውስጥ ሁለቱ አብረው ተፈጥረው ነበር። ማዕድኑ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲወጣ ቆየ፤ በ1963 ደብልዩ አር ግሬስ የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ በ1990 ተዘጋ። ከዓለም ቬርሚኩላይት አብዛኛው ለብዙ ዓመታት ከዚያ ይመጣ ነበር።

አሁን የምንነግራችሁን ነገር ልብ በሉት። በ1956 የሞንታና ግዛት የጤና ተቆጣጣሪ ቦታውን ጎብኝቶ አቧራው መርዛማ መሆኑን ጽፎ ነበር። ቁጥጥር አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ተቆጣጣሪው መጥቷል፣ አይቷል፣ ጽፏል። ወረቀቱ ግን ለኩባንያው አለቆች ሄደ እንጂ አቧራውን ለሚጠርገው ሠራተኛ አልተነበበለትም። ሠራተኛው በልብሱ ላይ የተሸከመውን አቧራ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱ ልብሱን አራግፋ አጠበች፤ ልጁ ጉልበቱን አቀፈ። በከተማይቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሞቱ። ነገሩ በአገር ደረጃ የታወቀው በኅዳር 1999 የሲያትል ጋዜጣ ከጻፈው በኋላ ነው። በሰኔ 2009 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሊቢን የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ ያለባት ከተማ ብሎ አወጀ፤ እንዲህ ዓይነት አዋጅ በዚያ መሥሪያ ቤት ሲታወጅ የመጀመሪያው ነበር።

ማዕድኑ በባቡር እየተጫነ በአሜሪካ ከ200 በላይ ወደሆኑ ቦታዎች ይሄድ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በሚኒያፖሊስ ከተማ የነበረው ማቀነባበሪያ ነው። ይህ ፋብሪካ ተቆልቶ ያልተነፋውን የድንጋይ ጥራጊ ከደጁ ቆልሎ፣ የፈለገ በነጻ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ጎረቤቶቹም ወስደው በግቢያቸው አነጠፉት፤ ልጆች በቁልሉ ላይ ወጥተው ተጫወቱ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ከ200 በላይ በሆኑ ግቢዎች ተገኘ። ናሃሪያና ሚኒያፖሊስ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው አልሰማም። ነገር ግን ሁለቱም ቦታ ጥራጊው የወጣው በስጦታ መልክ ነበር። ምክንያቱም ለፋብሪካ ጥራጊን መጣል ገንዘብ ያስወጣል፤ ድሃ ሰው ወይም አዲስ ሠፋሪ ደግሞ በነጻ የሚሰጠውን አይጠይቅም። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለዚህ ነው።

ቦታ እንዴት ይመረመራል?

እንግዲህ አንድ አሮጌ ፋብሪካ ወይም ጓሮ አስቤስቶስ እንዳለበት እንዴት ይታወቃል? ምርመራው የሚጀመረው ከመሬቱ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው። በአሜሪካ መርማሪዎቹ የኩባንያውን የጭነት ደረሰኞች ሰብስበው ከሊቢ የወጣው ማዕድን የት የት እንደደረሰ፣ ስንት ቶን እንደሆነ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ብዙ ጭነት የተቀበሉትን ወይም ያልጸዳ ብክለት የተገኘባቸውን 28 ቦታዎች መርጠው በዝርዝር መረመሩ። በምርመራውም ከሁሉ በላይ የተጎዱት የቀድሞ ሠራተኞችና አብረዋቸው በአንድ ጣሪያ የኖሩ ቤተሰቦቻቸው መሆናቸው ታወቀ።

ሁለተኛው ደረጃ ሰውን መጠየቅ ነው። አሮጌ ሠራተኛ፣ ጎረቤት፣ የጭነት መኪና ሹፌር ብዙ ነገር ያስታውሳል። በወረቀት ያልተጻፈው የነጻ ስጦታ የሚታወቀው በእነርሱ አፍ ነው።

ሦስተኛው ቦታውን መርገጥ ነው። መርማሪው የተሰባበረ ክዳን፣ በአፈር ላይ የሚታይ ነጭ ወይም ሰማያዊ ክር፣ በቧንቧና በማሞቂያ ጋን ላይ የተጠቀለለ አሮጌ መሸፈኛ ይፈልጋል።

አራተኛው ናሙና መውሰድ ነው። ትንሽ ቁራጭ ውኃ ተረጭቶባት፣ በታሸገ ዕቃ ሆና ወደ ቤተ ሙከራ ትሄዳለች። እዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ አስፈላጊ የሆነው አስቤስቶስ የሌለበት አዲሱ የሲሚንቶ ክዳንም አሮጌውን ስለሚመስል ነው። በዓይን ብቻ አይቶ «ይሄ አለበት፣ ይሄ የለበትም» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

በመጨረሻ ውሳኔ ይሰጣል። ጠንካራውና ያልተሰበረው ሲሚንቶ ካልተነካ ብዙ ክር አይለቅም፤ እየተጠበቀ ሊቆይ ይችላል። በእጅ ሲታሽ የሚፈርሰው ለስላሳው ግን እጅግ አደገኛ ስለሆነ መወገድ አለበት። በሚወገድበት ጊዜ ቦታው ይታጠራል፤ ዕቃው በውኃ ይርሳል፤ ሠራተኞቹ ሙሉ ልብስና ልዩ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያደርጋሉ፤ ጥራጊው በድርብ ከረጢት ታሽጎና ምልክት ተደርጎበት ወደተፈቀደ መቅበሪያ ይወሰዳል።

ሕጉና ዕዳው

በእስራኤል በ1984 በሥራ ቦታ ስለሚገኝ ጎጂ አቧራ ደንብ ወጣ። ደንቡ አስቤስቶስን፣ ታልክንና ሲሊካን ይመለከታል፤ አሠሪው አየሩን እንዲያስለካና ሠራተኞቹ የሕክምና ምርመራ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ዋናው ሕግ ግን የወጣው በ2011 ነው። የአስቤስቶስና የጎጂ አቧራ ጉዳት መከላከያ ሕግ ይባላል፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ አስቤስቶስን በአዲስ መልክ መጠቀምን ከለከለ። በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችና በኢንዱስትሪ ውስጥ የሚገኘው ለስላሳው ዓይነት እንዲነሳ 10 ዓመት ሰጠ። የአስቤስቶስ ማንሳት ሥራም ፈቃድ ባለው ሰውና በተቆጣጣሪ ሥር ብቻ እንዲሠራ ወሰነ።

ሕጉ ስለ ምዕራብ ገሊላ የተለየ ምዕራፍ አለው። በየጓሮው የተቀበረው የፋብሪካ ጥራጊ በመንግሥት ፕሮጀክት ተቆፍሮ እንዲወጣ፣ ከወጪው ግማሹን እስከ 150 ሚሊዮን ሼቄል ድረስ ኢታኒት እንዲከፍል፣ ቀሪውን መንግሥትና የአካባቢው አስተዳደሮች እንዲሸፍኑ ደነገገ። ኩባንያው ጥራጊውን በሰጠበት ጊዜ ሕግ አልጣስኩም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ዕዳ ሊጣልብኝ አይገባም ሲል ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ2013 አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። የበከለ ይክፈል የሚለው መርህ በዚህ አገር በጉልህ ከታየባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። በአሜሪካም ግሬስ ኩባንያ ለሊቢ ጽዳት 250 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በ2008 ተስማምቷል። እንግዲህ ያ በነጻ የተሰጠ ጥራጊ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዋጋው በመቶ ሚሊዮኖች ተተመነ። በገንዘብ የተተመነው ግን የማጽጃው ወጪ ብቻ ነው፤ የሰዎቹን ሳንባ የሚተካ ገንዘብ የለም።

እኛስ በናታንያ ምን እናድርግ?

ውድ ወገኖቻችን፣ ይህን ሁሉ የነገርናችሁ ልናስፈራራችሁ አይደለም። ከግራጫ ክዳን አጠገብ ያለፈ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። ክዳኑ ሳይሰበር በቦታው ካለ ተዉት፤ አትንኩት። አደጋው የሚጀምረው ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲሰበር፣ ሲፋቅና በኃይለኛ የውኃ ግፊት ሲታጠብ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች በቤታችሁ ተነጋገሩባቸው።

በመጀመሪያ፣ ቤት የምታድሱ ሰዎች አሮጌ ክዳን ወይም አሮጌ ግራጫ ቧንቧ ካገኛችሁ በራሳችሁ አታፍርሱ። «እኔ በርካሽ በአንድ ቀን አነሳልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የተሰጠ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁት። የተነሳውንም ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነው። በሠፈራችሁ የተጣለ ስብርባሪ ካያችሁ ለከተማው አስተዳደር፣ ለዒሪያው ማለት ነው፣ በ106 ደውላችሁ አመልክቱ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የጥሪ ቁጥር ደግሞ ኮከብ 6911 ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁን በፈረሰ መጋዘንና በተተወ ፋብሪካ ግቢ እንዳይጫወቱ ምከሩ። በናሃሪያም በሚኒያፖሊስም በጥራጊው ላይ የተጫወቱት ልጆች ነበሩ። ከግንባታ ቦታ በነጻ የሚሰጥ አፈር፣ ጠጠር ወይም አሮጌ ሰሌዳ ለጓሮ ከመውሰዳችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በማፍረስ ወይም በእድሳት ሥራ ላይ የምትውሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ አለቃችሁ አሮጌ ክዳን እንድትሰብሩ ቢያዛችሁ «ተመርምሯል ወይ? ወረቀቱ የት አለ?» ማለት መብታችሁ ነው። አስቤስቶስ በሚነሳበት ቦታ «ዝሂሩት፣ አዝቤስት» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል፤ «ተጠንቀቅ፣ አስቤስቶስ አለ» ማለት ነው። ዕብራይስጥ ገና የማታነቡ ከሆነ ልጃችሁ ወይም የኡልፓን መምህራችሁ እነዚህን ሁለት ቃላት ጽፎ ያሳያችሁ። አቧራ የጠጣ የሥራ ልብስ ይዛችሁ ቤት አትግቡ፤ ከቤተሰብ ልብስ ጋርም አትጠቡት። እናቶች ሆይ፣ የባላችሁን ወይም የልጃችሁን የሥራ ልብስ በቤት ውስጥ አታራግፉ።

አራተኛ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ትሉሽ የምንለውን፣ አትጣሉ። ይህ በሽታ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ የት እንደሠራችሁ የሚመሰክርላችሁ ይህ ወረቀት ነው። ከሥራ የመጣ በሽታ መሆኑ ከታወቀ በብሔራዊ መድን ድርጅት በኩል መብት የመጠየቅ መንገድ አለ። ቀድሞ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የነበረ ሰው በኩፓት ሖሊም ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት። የሚያጨስ ደግሞ ዛሬውኑ ያቁም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። የሊቢ ከተማ ሠራተኞች የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአገሩ የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። እንዲህም ሆኖ የተቆጣጣሪው ወረቀት አልተነበበላቸውም። እኛ ደግሞ ወረቀቱ በእጃችን ቢሰጠንም ገና ያላነበብነው ሰዎች ነን። ስለዚህ በሥራ ቦታ የሚሰጣችሁን የደኅንነት ወረቀት ሁሉ አስነብቡ፤ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ላይ መጠየቅ ሊቅ ከማድረግም አልፎ ዕድሜን ያረዝማል፤ የምትጠይቁትም ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ምሽት ላይ ጉልበታችሁን ለሚያቅፈው ልጅ ጭምር ነው።